«ቤታችሁ ሆናችሁ ጠብቁ» ለተባለችው እህታችን የተሰጠ መልስ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ከጣና ዳር ባለ ሆቴል መኝታ ክፍሎች ስታጸጂ ስድስት ዓመት ሠርተሻል፤ ደመወዝሽ በወር 3,000 ብር ነበር። «እንግዳ ጠፍቷል፣ ቤታችሁ ሆናችሁ ጠብቁ፣ ሲሻሻል እንጠራችኋለን» ተብላችሁ ከወጣችሁ ሦስተኛ ወራችሁን ይዛችኋል። የጠየቅሽው ሁለት ነገር ነው፦ መንግሥት ሥራ ላጣ ሰው የሚከፍለው ገንዘብ አለ ወይ፣ ሴፍቲኔት (መንግሥት በጣም ድሃ ለሆኑ ቤተሰቦች ያቋቋመው የድጋፍ ፕሮግራም) ላይስ እንዴት ልመዝገብ። ከሥር የተሰጡሽን መልሶችም አይቻለሁ፤ «ቀበሌ ሂጂ»፣ «ሰው ካለሽ ይሆናል» የሚሉ ናቸው። እኔ እዚያው ሐይቅ ዳር፣ ሌላ ሆቴል ውስጥ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። አሁን አንቺ የቆምሽበት ቦታ ቆሜ ነበር፤ ገንዘቤን ግን አስከፍያለሁ። ስለዚህ ታግሰሽ አንብቢኝ።

1. በአገራችን ሥራ ላጣ ሰው በየወሩ የሚታሰብለት የመንግሥት ክፍያ የለም። ከደመወዝሽ በየወሩ የሚቆረጠው 7 ከመቶና አሠሪው የሚጨምርበት 11 ከመቶ ለጡረታ እንጂ ለሥራ ማጣት አይደለም። (አሠሪሽ በእርግጥ ገቢ ሲያደርገው መኖሩን ግን የግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና ቅርንጫፍ ሄደሽ አጣሪ፤ ቆርጠው የማያስገቡ አሉ።) በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ አሠሪዎች ሠራተኛ እንዳያሰናብቱ ተከልክሎ ነበር፤ እሱን የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬም «ማባረር አይችሉም» ይሉሻል። ያ ክልከላ ከአዋጁ ጋር አብሮ አልቋል።

2. ያንቺ ገንዘብ ያለው አሠሪው ኪስ ውስጥ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ድርጅት ሲዘጋ ወይም ሠራተኛ ሲቀንስ የሥራ ስንብት ክፍያ እንዲከፍል ያስገድዳል። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል፤ ድምሩ ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ምክንያቱ መዘጋት ወይም የሠራተኛ ቅነሳ ሲሆን ደግሞ በዚህ ላይ የ60 ቀን ደመወዝ ይታከላል። ያንቺን እናስላው። ለመጀመሪያው ዓመት 3,000 ብር፣ ለአምስቱ ዓመታት 5,000 ብር፣ የ60 ቀኑ 6,000 ብር፤ ድምር 14,000 ብር። ለቅነሳ የሚሰጠውን የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ካልሰጡሽ እሱም ይታሰባል፤ ያልተጠቀምሽበት የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይለወጣል። አንድ ነገር ብቻ አስቀድሜ ልንገርሽ፦ ከእንግዳ የሚሰበሰበው የአገልግሎት ክፍያ በሕጉ ደመወዝ አይባልም። እኛ የሆቴል ሰዎች የኖርነው በእሱ ነበር፤ ስሌቱ ውስጥ ግን አይገባም። ብዙ ባልደረቦቼ ይህን ፍርድ ቤት ደርሰው ሲሰሙ አንገታቸውን ደፉ።

3. ወረቀት። ይህን በቁጥር አሳጥሬ ልነግርሽ አልችልም፤ ሁሉም ነገር የተበላሸው እዚህ ላይ ነውና።

እኛን ያሰናበቱን ልክ እንደ እናንተ ነው። ሥራ አስኪያጁ ከምግብ ቤቱ በረንዳ ላይ ሰበሰበን። መስከረም ከጠባ እስከ ጥምቀት ድረስ ጀልባ ሙሉ እንግዳ ወደ ዘጌ ገዳማት ሲመላለስበት የነበረው ወደብ ባዶውን ይታያል። ሰውየው በጣም በትሕትና ተናገረ፤ «እናንተ ቤተሰብ ናችሁ፣ ማንንም አላባረርንም፣ ሰላም ሲሆን እንጠራችኋለን» አለ። ሴቶቹ አለቀሱ፣ እሱም አብሮ እንባ ተናነቀው። እኔ እጄን አውጥቼ «ይህን በደብዳቤ ስጡን» ስል ባልደረቦቼ ጭምር ተቆጡኝ። «በዚህ ሰዓት ወረቀት ይጠየቃል?» አሉኝ።

ይጠየቃል! ሕጉ «ቤታችሁ ጠብቁ» የሚባል ነገር አያውቅም። አሠሪ በገንዘብ ችግር ሥራ ሲያቆም የሥራ ውሉን ለጊዜው ማገድ ይችላል፤ ግን በሦስት ቀን ውስጥ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፣ እገዳውም ከ90 ቀን መብለጥ አይችልም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሥራ መጀመር እንደማይችል ከታወቀ ሠራተኛው የስንብት መብቱን ያገኛል። አንቺ ሦስተኛ ወርሽ ላይ ነሽ። 90 ቀኑ እየሞላ ነው ማለት ነው።

ከዚህ የከፋው ደግሞ ይርጋ ነው፤ ማለትም ካለፈ መብትሽን የሚያሳጣሽ የመክሰሻ ጊዜ ገደብ። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በሦስት ወር፣ የስንብት ክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። አሠሪው በቃል «እንጠራችኋለን» ሲል ሰዓቱ እየቆጠረ ነው። አብራኝ የምትሠራ የወጥ ቤት ኃላፊ ነበረች፤ ሽበቷን እዚያ ምድጃ ሥር ያወጣች ሴት። ቃሉን አምና ጠበቀች። የቤት ኪራይ ሲጠራቀምባት፣ ልጇ ከትምህርት ቤት ሲቀር እንኳ «ሰውየው ደግ ነው፣ አይዋሽም» ትለኝ ነበር። ዓመት ሊሞላ ሲል ከሰሰች። ያ ደግ ሰው ጠበቃ ልኮ ምን ቢያስብል ጥሩ ነው? «ከሳሽ ሥራ ካቆመች ከስድስት ወር በላይ ሆኗታል፤ ጥያቄው በይርጋ ይታገድልን»። ታገደ። አንድ ሳንቲም አላገኘችም። ዛሬ ድባንቄ መንደር ውስጥ ዳቦ እየጋገረች ትሸጣለች። ስለ እሷ ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ አንቺ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

4. ይርጋው እንዴት ይቋረጣል? ሦስት መንገድ አለ። ፍርድ ቤት ክስ መመሥረት አንዱ ነው። አሠሪው ዕዳ እንዳለበት በጽሑፍ ማመኑ ሁለተኛው ነው። ሦስተኛው አዋጁን ለሚያስፈጽመው የመንግሥት አካል፣ ማለትም ለሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ማመልከቻ ማስገባት ነው። ልብ በይ፣ ማስገባት ነው ያልኩት፤ ሄዶ መናገር አላልኩም።

እኔ የሄድኩበት ጽሕፈት ቤት የትኛው ክፍለ ከተማ እንደሆነ አልጽፍም። ጉዳዩን የሚይዘው ባለሙያ ወንበር ባዶ እያለ ተቀመጥ አላለኝም። ስልኩን እያየ አስጨረሰኝና «ድርጅቱ ራሱ ሞቷል፤ ከሬሳ ምን ልትወስድ ነው?» አለኝ። ማመልከቻዬን ስዘረጋለት በእጁ ጀርባ ወደ እኔ ገፋው። «ወረቀት አያስፈልግም፣ ነገርከኝ እኮ፣ ሰምቼሃለሁ» አለ። ኋላዬ ተሰልፈው የነበሩት ሁለት የጀልባ ሠራተኞች ይህችን «ሰምቼሃለሁ» ይዘው፣ አመስግነው ወጡ። ጉዳያቸው የተያዘ መስሏቸው ነው። የተያዘ ነገር የለም! የእነሱን ስም የጻፈ መዝገብ በዚያ ቢሮ ውስጥ አልነበረም።

እኔ አልወጣሁም። በኮሪደሩ መጨረሻ ያለውን መዝገብ ቤት ፈልጌ ገባሁ። ሥራዋን የምታውቅ አንዲት እናት ነበሩ፤ ስማቸውን ባውቅ እዚህ በክብር እጽፈው ነበር። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ተቀበሉኝ። ትልቁን የገቢ መዝገብ ገልጠው ቁጥርና ቀን ሰጡት፤ በሁለቱም ቅጂዎች ላይ ሐምራዊውን ክብ ማኅተም መቱበት፤ ቀለሙ እንዳይደበዝዝ ማኅተሙን ጫን አድርገው ያዙት። አንዱን ለእኔ መለሱልኝና «ልጄ፣ ይህን አትጣለው» አሉኝ። ልቤ የረጋው ያን ጊዜ ነው። የሆቴሉ ጠበቃ በእኔም ላይ ያንኑ የይርጋ መቃወሚያ አቅርቦ ነበር። ያቺን ማኅተም ያረፈባት ቅጂ አቀረብኩ፤ ዳኛዋ ቀኑን አንብበው መቃወሚያውን ውድቅ አደረጉት። «ከሬሳ ምን ልትወስድ ነው?» ላለኝ ባለሙያም መልስ አለኝ፦ በዚያው አዋጅ የሠራተኛ ክፍያ ከሌሎች ዕዳዎች ቅድሚያ አለው። ሥራው ይህን ማወቅ ነበር።

5. ክስ ያስወጣኛል ብለሽ አትፍሪ። የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ የለበትም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ የእኔን ክስ የጻፉልኝ እነሱ ናቸው፣ እንግዳ ነህ ሳይሉ በሚገባ አስተናግደውኛል። አዋጁ የሥራ ክርክር ችሎቱ በ60 ቀን እንዲወስን ይላል። የእኔ ከዚያ አልፏል፤ መንገድ በሚዘጋበት፣ ሰው ከቤት በማይወጣበት ጊዜ ስለነበር ቀጠሮው እየተዛወረ። የመዘግየት ነገር ከተነሣ፦ ሕጉ ክፍያው ውሉ በተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲፈጸም ያዛል፤ ያለ በቂ ምክንያት ላዘገየ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ቅጣት ሊወሰንበት ይችላል። ይህን በክስሽ ውስጥ በግልጽ ጠይቂ። እኔ ጠይቄ አግኝቻለሁ፤ ያልጠየቁት አላገኙም። እውነቱን ለመናገር እሱም አልካሰኝም። የፍርዱ አፈጻጸም ሲጓተት ቆይቶ ሐምሌ 2016 መጣ። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በፍርዱ ቀን የጤፍና የዘይት ሂሳብ የሠራሁበት ገንዘብ እጄ ሲገባ ግማሹን ዕቃ አልገዛም። ፍጠኚ የምልሽ ለዚህም ጭምር ነው።

ፊርማን በተመለከተ። ጥቂት ብር ወይም የሥራ ልምድ ደብዳቤ ይዘው «እዚህ ላይ ፈርሚ» ሲሉሽ ከላይ ያለውን አንብቢ። «በራሴ ፈቃድ ለቅቄያለሁ» የሚል ከሆነ እስክሪብቶውን አስቀምጪ። የሥራ ልምድ ማስረጃ አሠሪው ያለ ክፍያ ሊሰጥሽ የሚገባ መብትሽ ነው፤ መለዋወጫ አይደለም።

ወደ ሴፍቲኔቱ ልምጣ። የከተማው ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀምር ከአማራ ክልል የነበረችው ደሴ ብቻ ናት። እኛ የደረሰን በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የዓለም ባንክ 400 ሚሊዮን ዶላር ፈቅዶ ወደ 83 ከተሞች በሰፋው በሁለተኛው ምዕራፍ ነው። ግን ሥራ ላጣ ሰው በማግሥቱ ሄዶ የሚመዘገብበት አይደለም። ምልመላ የሚካሄደው በዙር ነው፤ የሰፈር ኮሚቴ ከነዋሪው መካከል በጣም ድሃ የሆኑትን ቤተሰቦች ይለያል። መሥራት የሚችል በመንገድ ጽዳት፣ በአረንጓዴ ልማት በመሳሰለው ሥራ ይሰማራል፤ ክፍያው በባንክ ሂሳብ ይገባል፣ ቁጠባም አለው። መሥራት የማይችሉት፣ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች፣ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። የቀበሌ የነዋሪነት መታወቂያ ግዴታ ነው፤ ተከራይ ሆነሽ ከሌላ ቦታ መጥተሽ መታወቂያ ካላወጣሽ ዛሬውኑ መሸኛሽን አስመጪ። እኔን ኮሚቴው «አንተ የሆቴል ሰው፣ የፈረንጅ ጉርሻ የበላህ» ብሎ አልፎኛል። ቤቴ ገብተው ሞሰቡን ቢከፍቱ ኖሮ እንዲህ አይሉም ነበር። ስም ዝርዝሩ ሲለጠፍ ቅሬታ የማቅረቢያ ጊዜ አለ፤ አንቺም ካለፉሽ ቅሬታሽን በጽሑፍ አቅርቢ፣ እዚያም ላይ ገቢ አስደርጊ። ተስፋሽን ግን ሙሉ በሙሉ እዚያ ላይ አትጣይ። 14,000 ብርሽ ሆቴሉ ዘንድ እያለ የመንገድ መጥረጊያ ወረፋ የምትጠብቂበት ምክንያት የለም።

እና በዚህ ሳምንት ይህን አድርጊ። «ቤታችሁ ጠብቁ» የተባላችሁበትን ቀን፣ የተናገረውን ሰው፣ አብረውሽ የነበሩትን ሰዎች ስም ጻፊ። የቅጥር ደብዳቤሽን፣ የመጨረሻ ወር የደመወዝ ወረቀትሽን፣ ደመወዝሽ በባንክ ይገባ ከነበረ የሂሳብ መግለጫሽን ኮፒ አድርጊ። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ይዘሽ ባለሙያውን አልፈሽ መጀመሪያ መዝገብ ቤት ግቢ። አብረውሽ የወጡትንም ይዘሻቸው ሂጂ፤ ግን እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን ማመልከቻ አስገቡ፤ የአገልግሎት ዘመናችሁና ደመወዛችሁ ይለያያልና። የእኔን ማመልከቻ ስም አጥፍቼ በመልእክት ልልክልሽ እችላለሁ፤ ስድስቱን ዓመትና 3,000 ብሩን ብቻ ተክተሽ እንደገና ጻፊው።