የድሮውን የጅቡቲ–አዲስ አበባ የጭነት ባቡር መስመር በትንሽ ሞዴል በ4 ሜትር ግድግዳ ላይ ለመሥራት

መስመሩን በሙሉ ለማስገባት አትሞክር። 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ1፡87፣ ማለትም 87 ጊዜ ብታሳንሰው እንኳ ወደ 9 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ድሬዳዋን ብቻ ሥራ። በስተቀኝ ወደ ጅቡቲ፣ በስተግራ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውን ሐዲድ ከኮረብታ ጀርባ ደብቀው።

ድሬዳዋን የመረጥኩልህ ወርክሾፑ እዚያ ስለሆነ ነው። ቡና ይጫናል፣ ፉርጎ ይቀጠላል፣ የተበላሸው ለጥገና ይጎተታል። የአዋሽ ድልድይ በጣም ያምራል፤ ግን ባቡሩ አልፎት ከመሄድ በቀር እዚያ የሚሠራው የለም።

የእውነተኛው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ስለነበር 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ግዛ። የተለመደው 16.5 ሚሊ ሜትር ለዚህ መስመር ይሰፋል፣ መልኩንም ያጠፋዋል።

ከዚያ፦
1. የባቡሩን ርዝመት ወስን። አንድ ሎኮሞቲቭና 6 ፉርጎ ለግድግዳህ ይበቃል።
2. ባቡሮች የሚተላለፉበትን ሐዲድ በዚያ ልክ አስረዝም።
3. ወርክሾፑን በቀረው ቦታ አስገባ።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። የመተላለፊያውን ሐዲድ ከመገንጠያ (ሐዲዱ ለሁለት ከሚከፈልበት ቦታ) እስከ መገንጠያ አትለካው። ሁለቱ ሐዲዶች በሚቀራረቡበት ቦታ የቆመ ፉርጎ በጎኑ የሚያልፈውን ባቡር ይነካዋል። ያየኋቸው ብዙ ሥራዎች የተበላሹት እዚህ ላይ ነው። መገንጠያዎቹን በትክክለኛ መጠናቸው ከካርቶን ቁረጥና ወለል ላይ ዘርጋ። ፉርጎዎቹን ደርድርበትና ጎን ለጎን አሳልፋቸው። እንጨት የምትቆርጠው ከዚያ በኋላ ነው።