የትኛውን አይሪስ ልትከል? ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ ለመጣ ጥያቄ መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ባለፈው ዓመት ቤት ገዝተን ገባን፤ ከደጃፋችን 20 ጫማ ያህል የምትረዝም፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የምታገኝ መደብ አለች። የጎረቤቴ ጢማም አይሪስ፣ ታችኛው የአበባው ቅጠል ላይ ጢም የመሰለ ጠጉር ያለው አበባ፣ ግንቦት ላይ ሲፈካ አይቼ እኔም ለመትከል ጓጓሁ። ካታሎግ ስከፍት ግን በመቶ የሚቆጠር ስም አለ፤ ፎቶው አንዱ ከሌላው ያምራል፤ ዋጋው ከ10 ዶላር እስከ 60 ዶላር ይደርሳል። ጥቅምት ላይ ሁለት ሥር ገዝቼ በደንብ ቀብሬ ተክዬ ነበር፤ ዘንድሮ ከቅጠል በቀር ምንም አልሰጡኝም። ባለቤቴ ደግሞ «አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ይሁንልኝ» ይላል። የትኞቹን ልምረጥ? አዲስ አበባ ላለችው እናቴ ብልክላትስ ይይዝላት ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ለቤትዎ አበቃዎ። ከምርጫው በፊት የእነዚያን የሁለቱን ሥሮች ነገር እንጨርስ። «በደንብ ቀብሬ» ያሉት ላይ ነው ችግሩ። የጢማም አይሪስ ሥር፣ ሪዞም የሚባለው፣ እንደ ሽንኩርት ኮረት አይቀበርም። ጀርባው አፈሩ ላይ ብቅ ብሎ ፀሐይ ሊያገኘው ይገባል፤ ወደ ታች የሚቀበሩት ከሥሩ የሚወጡት ክሮች ብቻ ናቸው። ጥልቅ ሲቀበር ቅጠል ያወጣል፣ አበባ ግን ይከለክላል፤ አንዳንዴም ይበሰብሳል። በዚያ ላይ ጥቅምት ለእናንተ አገር ዘግይቷል። ውርጭ ሳይመጣ ቢያንስ 6 ሳምንት ሥር መስደጃ ያስፈልገዋል፤ ዴንቨር አካባቢ የመጀመሪያው ውርጭ አብዛኛውን ጊዜ መስከረም መጨረሻ ላይ ይደርሳል። ስለዚህ መትከያው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ በፈረንጆቹ ከጁላይ አጋማሽ እስከ ኦገስት መጨረሻ። ሁለቱን ሥሮች አይጣሏቸው። ሐምሌ ላይ ቀስ ብለው አውጥተው ከፍ አድርገው ይትከሏቸው። ለሌላ ዓመት ያብቡ ይሆናል፤ ካልሆነም በተከታዩ።

አሁን ወደ ምርጫው። በካታሎግ ፎቶ አይምረጡ። ፎቶው የሚያሳየው አንዲት አበባ ናት፤ አንዲት የአይሪስ አበባ ደግሞ 2 ወይም 3 ቀን ቆይታ ትጠወልጋለች። ደጃፍዎን ለሁለት ሳምንት የሚያደምቀው በአንድ አገዳ ላይ ያለው የእምቡጥ ብዛት ነው። ጥሩ ረጅም ዝርያ በአንድ አገዳ 7 እና ከዚያ በላይ እምቡጥ ይይዛል፤ አገዳውም ቅርንጫፍ ስላለው አበቦቹ አይጨናነቁም፣ አንዱ ሲጠወልግ ሌላው ይፈነዳል። 3 እምቡጥ ብቻ ያላት ውብ አበባ በአንድ ሳምንት ታልቃለች፤ ዓመቱን ሙሉ ቅጠል ሲያዩ ይከርማሉ። ሻጩ የእምቡጡን ቁጥር ካልጻፈ ይጠይቁት፤ መልስ ከሌለው ወደሚቀጥለው ይለፉ።

ስለ ዋጋውም ልንገርዎ። 60 ዶላር የሚጠየቅበት ዝርያ ዘንድሮ ወይም አምና ለገበያ የወጣ ነው። የሚከፍሉት ለአዲስነቱ ነው፤ ጠንካራ ይሁን ደካማ፣ ብርድ ይቻል አይቻል ገና ብዙ አትክልተኛ አላየውም። እኔ ለጀማሪ የምመክረው የቆዩትን ተሸላሚዎች ነው። የአሜሪካ የአይሪስ ማኅበር በ1920 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ሲሆን፣ የሚሰጠው ትልቁ ሽልማት በእንግሊዛዊው የአይሪስ አጥኚ በዊሊያም ዳይክስ ስም የሚጠራው የዳይክስ ሜዳልያ ነው። ዝርያው እዚያ የሚደርሰው በዝቅተኛ ሽልማቶች አልፎ፣ በየክፍለ ሀገሩ ባሉ ዳኞች ለዓመታት ታይቶ ነው። ሜዳልያውን ካገኘ 20 እና 30 ዓመት ሲያልፈው ሥሩ በየቦታው ስለሚበዛ ዋጋው ይረክሳል። በበጋ የአካባቢ የአይሪስ ማኅበራት አባላት ከግቢያቸው የከፈሉትን ሥር በጥቂት ዶላር ይሸጣሉ፤ እዚያ ቢሄዱ የዝርያውን ጠባይ ከሻጩ አፍ ይሰማሉ።

ለመደብዎ ልጠቁምዎ። ጥቁር ሐምራዊ ከወደዱ «ደስኪ ቻሌንጀር» የሚባለውን ይያዙ። በ1992 ዳይክስን ያገኘ ነው፤ አበባው ትልቅ፣ ቀለሙ ሐር የመሰለ፣ እምቡጡም ብዙ። ያወጡት በኦሪገን ሴለም ያሉት የሽራይነር ቤተሰብ አርቢዎች ሲሆኑ፣ ሥራውን የጀመሩት በ1925 ነው። አንድ ብቻ ምረጥ ብባል እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ወደ ጥቁር የሚያደላ ከፈለጉ «ቢፎር ዘ ስቶርም» አለ፤ ምሽት ላይ ግን ከሩቅ አይታይም፣ ስለዚህ ከኋላው ነጭ ወይም ቢጫ ያድርጉለት። «ስቴፒንግ አውት» ደግሞ በ1968 የተሸለመ ጥንታዊ ነው፤ መሐሉ ነጭ ሆኖ ዙሪያውን ሐምራዊ ቀለም እንደ ነጠላ ጥለት ይዞረዋል። የሀበሻ ደጃፍ ላይ ሲፈካ ሳየው ደስ የሚለኝ ይኸው ነው። ወደ ብርቱካን የሚያደላ ሮዝ ለሚወድ «ቤቨርሊ ሲልስ» ቶሎ ይባዛል፣ ለጀማሪም አይከብድም። ላዩ ቢጫ ታቹ ሰማያዊ ሐምራዊ የሆነው «ኢዲት ወልፎርድ» ዓይን ይስባል፤ ግን ወደ 1 ሜትር ስለሚደርስ ድጋፍ እንጨት ሊፈልግ ይችላል።

ነገሩ እናንተ አገር ነፋስ አለ፣ ከባድ የበረዶ ጠጠር አለ፣ ግንቦት ውስጥም ስኖው መጣሉ ብርቅ አይደለም። ረጃጅሞቹ ከ70 ሳንቲ ሜትር በላይ የሚሆኑት ናቸው፤ አበባ የከበደው አገዳቸው በአንድ ሌሊት ስኖው ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ መደቡን ሙሉ በረጃጅም አይሙሉት። መካከለኞቹ፣ ከ40 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር የሚሆኑት፣ ነፋሱን ይቋቋማሉ። ከእነሱ ውስጥ «ባቲክ» የሚባለው ሐምራዊው ላይ ነጭ መስመር እንደ ፈሰሰ ቀለም የተረጨበት ነው፤ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ቆሞ ያየዋል። ድንኮቹ ደግሞ ከ20 ሳንቲ ሜትር በታች ሆነው በሚያዝያ ያብባሉ፤ ስኖው ቢጥልባቸውም ብዙ አይጎዱም። ድንኩን ከፊት፣ መካከለኛውን መሐል፣ ረጅሙን ከኋላ ቢያደርጉ አበባው ከሚያዝያ እስከ ግንቦት መጨረሻ ይዘልቃል። ሁሉም ረጅም ከሆነ ግን ሁሉም አንድ ላይ ፈክቶ አንድ ላይ ያልቃል።

ሁለት ጊዜ የሚያብቡ ዝርያዎችም አሉ፤ በግንቦት አንድ ጊዜ፣ ከዚያ በነሐሴና በመስከረም ደግሞ እንደገና። ካታሎግ ይህን በጣም ያወድሳል፤ እኔ ግን ለኮሎራዶ በጥንቃቄ ነው የምመክረው። ዘግይቶ የሚያብበው ዝርያ እምቡጥ እንደያዘ ውርጭ ይደርስበታል። «ኢሞርታሊቲ» የሚባለው ነጭ ቀደም ብሎ ስለሚያብብ ብዙ ጊዜ ያመልጣል፤ በበጋ ግን ውሃና ጥቂት ማዳበሪያ ካልጨመሩለት ሁለተኛውን አበባ አይጠብቁ።

የባለቤትዎን ነገር አልረሳሁትም። ቢጫ በሽ ነው፤ «ሃርቨስት ኦቭ ሜሞሪስ» ደማቅ ቢጫ ነው፣ ሁለት ጊዜ ከሚያብቡትም ወገን ነው። ቀይ ግን በጢማም አይሪስ ውስጥ የለም። አርቢዎች ከመቶ ዓመት በላይ ቢደክሙም እውነተኛ ቀይ አልወጣላቸውም፤ ካታሎግ «ቀይ» የሚለው ሁሉ የጡብ ወይም የወይን ጠጅ ቀለም ነው። በፎቶ ላይ የእሳት ቀይ የሚመስል ካዩ ፎቶው ተስተካክሎ ነው። መፍትሔው ከአይሪሱ ጎን ቀይ የምሥራቅ ፖፒ መትከል ነው፤ በእናንተ አካባቢ ከረጃጅም አይሪሶች ጋር በአንድ ጊዜ ያብባል፣ ደረቅ አየርም ይወዳል። አረንጓዴውን የአይሪሱ ቅጠል ይሸፍናል። ስለዚህ ባለቤትዎ የጠየቁት ባንዲራ ይሆናል፣ ግን ከሁለት ዓይነት ተክል።

ከመግዛትዎ በፊት አንድ ቅዳሜ ወደ ቦልደር ይውጡ። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ የሎንግ ቤተሰብ የአይሪስ እርሻ አለ፤ በአበባ ወቅት ለጎብኚ ይከፍታል፣ በሜዳው ተዘዋውረው ያማረዎትን መርጠው ቆፍሮ መውሰድም ይቻላል። የሚከፈትበትን ቀን አስቀድመው ይጠይቁ። ቀለሙን በእርስዎ ሰማይ ሥር ያያሉ፤ አገዳው ይጎንበስ ይቁም፣ እምቡጡም ስንት እንደሆነ ቆጥረው ያረጋግጣሉ። በአበባው ጊዜ ቆፍረው ከወሰዱ የአበባውን አገዳ ቆርጠው ጥለው ቶሎ ይትከሉት።

አተካከሉን ባጭሩ ልበል። የአውሮራ አፈር ሸክላማ ስለሆነ ውሃ ያቁራል፤ አይሪስን ከብርድ ይልቅ የሚገድለው ይህ ነው። መደቡን ከመሬት 10 ወይም 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉት፣ ኮምፖስት በልክ ይቀላቅሉ። በሥሮቹ መካከል 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ይተዉ። ብዙ ካታሎግ ከየዝርያው አንድ አንድ ግዙ ይላል፤ እኔ ግን የአንድ ዝርያ 3 ሥር በአንድ ቦታ ቢተክሉ እመርጣለሁ፣ ከመንገድ ላይ የሚታየው እንዲህ ያለው ነው። 20 ጫማ ላይ 4 ወይም 5 ዝርያ ይበቃል። ቶሎ ካልበዛልዎ ሳይጨነቁ ሁለተኛውን ዓመት ይጠብቁ።

የሣርዎ ስፕሪንክለር መደቡን በየቀኑ የሚረጨው ከሆነ ግን ቀድመው አቅጣጫውን ያዙሩት። ለሣር የሚሆነው ውሃ ለአይሪስ ሞት ነው፤ ሪዞሙ ሙሽሽ ብሎ መጥፎ ሽታ ያወጣል፣ ያ የባክቴሪያ ብስባሴ ነው። የተበላሸውን ክፍል እስከ ጤነኛው ድረስ ቆርጠው ያውጡ፣ ቁስሉን ፀሐይ ላይ ያድርቁ፣ ቢላውን በአልኮል ይጥረጉ። ናይትሮጂን የበዛበትን የሣር ማዳበሪያም ያርቁለት፤ ቅጠል ያጎፈራል፣ አበባ ያስቀራል፣ ብስባሴም ይጋብዛል። ናይትሮጂኑ አነስ ያለ፣ ለምሳሌ ከረጢቱ ላይ 5-10-10 የሚል (የመጀመሪያው ቁጥር ናይትሮጂኑ ነው)፣ በጸደይ መጀመሪያና አበባው ባለፈ በወሩ ጥቂት ቢሰጡት ይበቃዋል። በ3 ወይም በ4 ዓመት ሲጨናነቅ ሐምሌ ላይ ነቅለው ይከፋፍሉት፤ መሐል ያረጀውን ይጣሉ፣ ዳሩ ያለውን ወጣት ሥር ይትከሉ። ከዚያ ለጎረቤት የሚሰጥ ይተርፍዎታል።

ቤት ውስጥ ትንሽ ልጅ ወይም ውሻ ካለ ይጠንቀቁ። ሥሩም ቅጠሉም መርዛም ነው፣ ቢበሉት ያስመልሳል፤ ሲቆፍሩ ጓንት ያድርጉ፣ ጭማቂው ቆዳ ያሳክካል።

የእናትዎን ጥያቄ በመጨረሻ። ጢማም አይሪስ አበባ ለመያዝ ረጅም የክረምት ብርድ ይፈልጋል። የአዲስ አበባ ጥቅምትና ኅዳር ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ቀኑ ግን ይሞቃል፤ ያ ለእሱ በቂ አይደለም። ከዚያ ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ሲወርድ ሥሩ ይበሰብስበታል። በዚያ ላይ ተክል ሻንጣ ውስጥ ከቶ መሄድ አይፈቀድም፣ የእፅዋት ጤና ምስክር ወረቀትና የመግቢያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ አይላኩላቸው።

ይልቅ ወደ እርስዎ የሚመጣ አለ። በአይሪስ ቤተሰብ ውስጥ ያለ፣ በእኛ ተራሮች የሚበቅል ግላዲዮለስ አሜሪካ ውስጥ «አሲዳንቴራ» ወይም «የአቢሲኒያ ግላዲዮለስ» በሚል ስም ይሸጣል። አበባው ነጭ ነው፣ ጉሮሮው ጥቁር ቀይ፣ ሽታውም ምሽት ላይ ያውዳል። ኮረቱ ርካሽ ነው። የመጨረሻው ውርጭ ካለፈ በኋላ በግንቦት 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቅበሩት፣ ይህን መቅበር ይቻላል፤ በበጋው መጨረሻ ያብባል። መስከረም ላይ ውርጭ ሲመጣ ቅጠሉ ይደርቃል፤ ያኔ ኮረቱን አውጥተው አድርቀው፣ በማይቀዘቅዝ ክፍል ውስጥ በካርቶን ያስቀምጡት፤ ለሚቀጥለው ግንቦት መልሰው ይትከሉት።