መልስ፦ ሊዝበን በጃንዋሪ ልሂድ ወይስ ልተወው?

እህቴ፣ ብርዱና ዳገቱ ይገድለኛል ወይ ላልሽው ሂጂ ባይ ነኝ። ቀን ላይ 15 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ጃኬት ይበቃል፣ የሚያስቸግረው ውጪው ሳይሆን ቤት ውስጡ ነው ብዙ ቤት ማሞቂያ የለውም፣ እኔ ጋቢ ተከናንቤ ነው ያደርኩት ስለዚህ ሳትከራዪ ጠይቂ። ጫማ ላይ አትቀልጂ! የእግረኛ መንገዱ ትናንሽ ነጭ ድንጋይ ነው፣ ዝናብ ሲነካው ሳሙና በይው፣ አልፋማ የሚባለው አሮጌ ሰፈር ቁልቁለት ላይ ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ነው የወረድኩት ሃሃ። ወደ ላይኛው ሰፈር ለመውጣት ብለሽ የሳንታ ዡስታ ሊፍት ሰልፍ ላይ አትቁሚ፣ የባይሻ ቺያዶ ሜትሮ ጣቢያ ኤስካሌተር በነፃ ወደ ላይ ያወጣሻል። 28 ቁጥር ትራም ደግሞ ከመነሻው ከማርቲም ሞኒዝ በጠዋት ካልያዝሽው ቆመሽ ነው፣ ቦርሳሽን ወደ ፊት። አመሻሽ ላይ ሴኞራ ዶ ሞንቴ የሚባለው ኮረብታ ላይ ወጥተሽ ከተማውን እዪ፣ ስትወርጂ ትኩስ ፓስቴል ደ ናታ (የእንቁላል ክሬም ያለባት ትንሽ ኬክ) ቀረፋ ነስንሰሽበት፣ ሁለት እዘዢ አንድ አይበቃም