መልስ፦ ሽማግሌዎቹ ዓመቱን ካላስታወሱት

«ደሴ ዙሪያ የሰፈር ታሪክ ስንሰበስብ አባቶች ‹በድርቁ ጊዜ› ብቻ ይሉናል፤ የትኛው ድርቅ?» ላልከው፦ ዓመት አትጠይቁ። «ጃንሆይ ሳይወርዱ ነው ከወረዱ በኋላ?» በሉ። ሳይወርዱ ከሆነ የ66ቱ ነው፤ የደርግን የሰፈራ ዘመቻ ካነሱ የ77ቱ። ለቀደመው ዘመን የሰገሌን ጦርነት (1909) እና ጣሊያን ደሴ የገባበትን (1928) ያዙ።

«ዘመነ ማርቆስ ነበር» የሚል ካገኛችሁማ እሰየው! የገመታችሁት ዓመተ ምሕረት ላይ 5500 ደምራችሁ ለ4 አካፍሉት። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፤ ቀሪ ከሌለው ዮሐንስ። 1966 ማርቆስ፣ 1977 ማቴዎስ ይወጣል።

ብቻ አደራ፣ ቡና ላይ አንድ ላይ ሰብስባችሁ እንዳትጠይቁ። ትልቁ አዛውንት አንዴ ከተናገሩ የቀሩት «እሳቸው እንዳሉት ነው» ይሉና ወሬው እዚያው ያበቃል። ለየብቻ ጠይቁ፤ ያሉትን በራሳቸው ቃል ጻፉ፣ እናንተ ያሰላችሁትን ዓመት ደግሞ ኅዳጉ ላይ።