ሴት የምትዘፍንበት ሀርድ ሮክና ሜታል ከየት ላግኝ ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ጓደኛሽ ቤት የአሜሪካኑን ሮክ ባንድ ኢቫኔሰንስን ሰምተሽ ልብሽ እዚያው ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ግን ዩቲዩብ እነዚያኑ አራት አምስት ዘፈኖች እያመላለሰ ያመጣልሻል። ሴት የምትዘፍንበት ሀርድ ሮክና ከእሱም የከበደው ሜታል ሌላ ከየት ላግኝ፣ ቤተሰቦቼስ «የሰይጣን ዘፈን ነው» ሲሉኝ ምን ልመልስ ነው ያልሽው። እኔም እዚሁ ጎንደር ሆኜ ይህን ሙዚቃ ለዓመታት ሰምቼዋለሁ፤ በጣምም እወደዋለሁ። ስለዚህ መልሴ ትንሽ ይረዝማል። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።

አንደኛ ነገር፣ «ሴት ድምፃዊት ያለው ሜታል» ብለሽ መፈለጉን ተይው። ሃርት፣ ናይትዊሽና አርክ ኤነሚ ሦስቱም ሴት የምትዘፍንላቸው ባንዶች ናቸው። አንዱን የወደደ ሰው ግን የሌላውን አንድ ዘፈን እንኳ ላይጨርስ ይችላል። ፆታ የሙዚቃ ዓይነት አይደለም። እንደዚያ ብለሽ ስትፈልጊ የሚመጣልሽ የቆንጆ ሴቶች ፎቶ ድርድር ነው፤ ይኼ ደግሞ እነዚህን ባለሙያዎች አይመጥናቸውም። የምትፈልጊው የድምፁን ጠባይ ይሁን። ራስሽን ጠይቂ፦ የኢቫኔሰንስ ድምፃዊት ኤሚ ሊ ስትዘፍን የያዘሽ ምኗ ነው? ፒያኖ ይዛ በቀስታ የምታንጎራጉረው ነው ወይስ ጊታሩ ሲገባ ከሁሉም በላይ የምትወጣው?

የጎንደር ልጅ ጆሮ ደግሞ ለዚህ ሙዚቃ ባዳ አይደለም። ሠርግ ላይ ቀረርቶ ሲወጣ ሰምተሻል። ድምፁ ከሆድ ተነስቶ ጉሮሮ ላይ ሲሰነጠቅ ሰውነት ይነዝራል። የማሲንቆው ክር የፈረስ ጭራ ነው፤ ሲገዘገዝ ይሻክራል፣ የሚጣፍጠውም በዚሁ ነው። በገናም፣ ክብሩ እንዳለ ሆኖ፣ ያ ዝዝ የሚለው ድምፁ የሚመጣው ከክሩ ሥር ከሚገባው ቁራጭ ቆዳ ነው። የሜታል ጊታርም ሆን ተብሎ እንዲሻክር የተደረገ ድምፅ ነው። ሻካራ ድምፅ ለእኛ አዲስ አይደለም።

እንግዲህ ያ የቀረርቶ ዓይነት የሚሰነጠቅ ድምፅ ከሆነ የሚይዝሽ፣ በሄልስቶርም ጀምሪ። ሊዚ ሄይልና ከበሮ የሚመታው ታናሽ ወንድሟ በ1997 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ገና ልጆች ሆነው የጀመሩት ባንድ ነው። በ2013 የግራሚ ሙዚቃ ሽልማት ወስደዋል። ከሊዚ ወደ ኋላ ተመለሽ። በ1980ዎቹ የጀርመኑ ዋርሎክ ድምፃዊት የነበረችው ዶሮ ፔሽ አለች፤ ዛሬም በስሟ ትሠራለች። ከእሷ በፊት ደግሞ የሃርቷ አን ዊልሰን አለች፤ እህቷ ናንሲ ጊታር ትጫወታለች። የ1970ዎቹ ቅጂ ስለሆነ ድምፁ ቀጭን ይመስልሻል። ታገሺው፣ አን አፏን ስትከፍት ያ ሁሉ ይረሳል።

ለእኔ ግን ከሁሉም በላይ ስኪን ናት። የእንግሊዙ ስካንክ አናንሲ ድምፃዊት ነች። ዘሯ ከጃማይካ ነው፤ ያደገችው ለንደን፣ ብሪክስተን ነው። ፀጉሯን የተላጨች ጥቁር ሴት ናት። በሹክሹክታ ጀምራ በዚያው ስንኝ ጣራ የሚነቅል ጩኸት ላይ ትደርሳለች፤ ቃሉ ግን አይጠፋብሽም። በ1999 በእንግሊዙ ትልቅ የሙዚቃ ድግስ፣ ግላስተንበሪ ፌስቲቫል ላይ ባንዷ የዋናው መድረክ መዝጊያ ነበር። ሮክ የነጭ ወንዶች ነው የሚልሽ ሰው ካለ ክርክር አትግጠሚ፣ እሷን ክፈችለት።

የላይኛው ድምፅ ከሆነ የሚወስድሽ፣ ማለትም እንደ ኦፔራ የሚንሳፈፈው፣ ፊንላንድ ሂጂ። ናይትዊሽ በ1996 ኪቴ በምትባል ትንሽ ከተማ የተመሠረተ ባንድ ነው። የመጀመሪያዋ ድምፃዊት ታርያ ቱሩነን በክላሲካል ዘፈን የሠለጠነች ናት። በ2005 ተለያዩ። ቀጥሎ አኔት ኦልዞን መጣች፤ ከ2012 ወዲህ ደግሞ የኔዘርላንዷ ፍሎር ያንሰን። አሁን ይህን አድርጊ፦ «ጎስት ላቭ ስኮር» የሚለውን የ2004 ዘፈን መጀመሪያ በታርያ ስሚው። አሥር ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፣ አትቸኩይ። ከዚያ ፍሎር በ2013 ጀርመን ዋከን ፌስቲቫል ላይ የዘፈነችውን ክፈቺ። ዜማው ያው ነው፣ ግጥሙ ያው ነው። ታርያ ከሩቅ ሆና እንደምትጣራ ነው የምትዘፍነው። ፍሎር ግን እዚያው አጠገብሽ ቆማ ነው፤ መጨረሻው ላይ ያላትን ሁሉ ስትሰጥ ታያለሽ። ይህን ልዩነት በጆሮሽ የለየሽ ቀን ምን እንደምትወጂ ማንም ሊነግርሽ አያስፈልግም።

ፍሎርን ካገኘሽ ደግሞ መንገዱ ራሱ ይመራሻል። የእኔ ትልቁ ዘዴ ይኼ ነው፤ ዩቲዩብ የሚመርጥልሽን ሳይሆን ሰዎቹን ተከተይ። ፍሎር በፊት የምትዘፍነው አፍተር ፎርኤቨር ከሚባል ባንድ ጋር ነበር። ከዚያ ባንድ የወጣው ጊታሪስት ማርክ ያንሰን ኤፒካን መሠረተ፤ እዚያ ሲሞን ሲሞንስ የምትባል ድምፃዊት አለች። ታርያ ብቻዋን ከወጣች በኋላ በ2013 ከዊዚን ቴምፕቴሽኗ ሻሮን ዴን አዴል ጋር አብራ ዘፍናለች። በአንድ ስም ጀምረሽ አራት ባንድ አገኘሽ ማለት ነው። ሻሮን ድምፅዋ ስስና ለስላሳ ነው። እንደሱ የሚጥምሽ ከሆነ የጣሊያኑን ላኩና ኮይልም ያዢ፤ ከኢቫኔሰንስ ለመጣ ሰው በጣም ቅርቡ እሱ ይመስለኛል።

የሚያጓራውን ድምፅ ለመጨረሻ ያቆየሁልሽ ጆሮ መልመድ ስላለበት ነው። አንጄላ ጎሶ በ2000 አርክ ኤነሚን ስትቀላቀል የተካችው ወንድ ነው፤ ሳያይ የሰማ ሰው አሁንም ሴት መሆኗን አያምንም። በ2014 ቦታውን ለአሊሳ ዋይት ግሉዝ ለቃለች። ከሁለቱም በፊት ግን የዩክሬኑን ጂንጀር ስሚ። ታቲያና ሽማይሉክ በዚያው ዘፈን ውስጥ እንደ እንጉርጉሮ ታለሳልስና ሳታስጠነቅቅ ታጓራለች። «ፓይሲስ» የሚለውን ስቱዲዮ ውስጥ በቀጥታ ሲጫወቱ የተቀረፀውን ፈልጊ፣ ፊቷን እያየሽ መስማት አለብሽ። አንድ አደራ፦ ቤት ውስጥ ልሞክር ብለሽ ጉሮሮሽን አታስጨንቂ። ይህ በትንፋሽ አያያዝ የሚሠራ፣ ሥልጠና የሚፈልግ ሙያ ነው።

ወደ ቤተሰቦችሽ ልምጣ። ጨለማ ግጥም የሚጽፉ ባንዶች የሉም አልልሽም፣ አሉ። ስለዚህ ግጥሙን አውጥተሽ አንብቢ፣ ያልተመቸሽን ተይው። የኢቫኔሰንስ «ፎለን» ግን በ2003 ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ በክርስቲያን መደብሮች ጭምር ይሸጥ ነበር። ከእነዚያ መደብሮች የተነሳው ባንዱ ራሱ የመንፈሳዊ ሙዚቃ ባንድ አይደለንም ስላለ ነው። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ደግሞ ቮይስ ኦፍ ባቸፕሮት የሚባሉ ሦስት ሙስሊም ሴቶች ሂጃባቸውን እንደለበሱ ሜታል ይጫወታሉ። እነሱም ያንቺው ዓይነት ተቃውሞ ደርሶባቸዋል፤ በ2024 ግላስተንበሪ ላይ ተጫወቱ። እናትሽን በክርክር አትረቻቸውም። በጆሮ ማዳመጫ ስሚ፣ ቀስ ብለሽም አንዱን ለስለስ ያለ ዘፈን ቡና ላይ ክፈችላቸው።

ከቤት መጀመር ከፈለግሽ የአገራችን ሮክ ባንድ ጃኖ ባንድ አለልሽ። ሄዋን ገብረወልድና ሃሌሉያ ተክለፃዲቅ ከሁለት ወንዶች ጋር የዘፈኑበትን «ኤርታሌ» አልበም ስሚ፤ የራሳችን ቅኝት ከሮክ ጊታር ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚመስል እዚያ አለ። ሰው መከተል ያልኩሽ እዚህም ይሠራል። አልበሙን ፕሮዲውስ ያደረገው ቢል ላስዌል ነው። እሱ በ1986 የእንግሊዙን ከባድ ሮክ ባንድ የሞተርሄድን አልበም ሠርቷል። ሞተርሄድ ደግሞ ከገርልስኩል ጋር አንድ ላይ የቀዱትን በ1981 አውጥተዋል። ገርልስኩል በ1978 ለንደን ውስጥ የተመሠረተ፣ አራቱም አባላት ሴቶች የነበሩበት ባንድ ነው። ዳታ እንዳይበላብሽ የቪዲዮውን ጥራት ዝቅ አድርጊው፣ ዋይፋይ ስታገኚ ሙሉ አልበም አውርጂ። ከእነዚህ የትኛዋ ድምፅ እንደያዘችሽ እዚሁ ሥር ጻፊልኝ፤ ቀጣዮቹን ስሞች በዚያ ልክ እመርጥልሻለሁ።