ሕመሙ ጠፍቶለታል፤ ኳስ ይጫወት?

ጥያቄ፦ የ17 ዓመት ልጄ ኳስ ሲጫወት ኤሲኤል የሚባለው የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶበት፣ ከኋላ ጭኑ በተወሰደ ጅማት ከተተካለት 10 ሳምንት ሆነው። አያመውም፣ እብጠትም የለውም፤ ክራንቹንም ጥሏል። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ ለፊዚዮቴራፒ መመላለሱ ከብዶናል። አሁን ሜዳ ቢገባስ?

መልስ፦ ገና ነው። የሕመሙ መጥፋት እንዳያታልልዎ። የተተከለው ጅማት መጀመሪያ የራሱ ደም ሥር ስለሌለው ይዳከማል፤ ከዚያ ሰውነት ደም ሥር እየሰደደ ቀስ በቀስ እንደገና ይሠራዋል። በጣም የሚሳሳው ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ ነው፤ ልጅዎ «ዳንኩ» በሚልበት በዚህ ሰሞን ማለት ነው።

አስቀድመው አንድ ነገር ይዩልኝ። በጀርባው ይተኛና ሁለቱንም ተረከዞቹን በተጠቀለለ ፎጣ ላይ ያሳርፍ፤ ከጉልበቱ ሥር ምንም አይኑር። የታከመው ጉልበት እንደ ጤነኛው ቀጥ ብሎ ይዘረጋል? ካልተዘረጋ ማነከሱ አይለቀውም፣ የጭኑም ጡንቻ አይመለስም። ውስጡ ጠባሳ አግዶት ሊሆን ስለሚችል ቀዶ ሕክምናውን ላደረገው ሐኪም ቶሎ ያሳዩት። ለምቾት ተብሎ ትራስ ከጉልበት ሥር መደረጉም አንዱ የችግሩ ምንጭ ነው።

በደንብ ከተዘረጋ፣ ፊዚዮቴራፒስቱ ካልከለከለው በቀር የፎቁ ደረጃ ራሱ መሥሪያ ይሆነዋል። የደረጃውን መደገፊያ ይዞ፣ በታከመው እግሩ ከታች የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ይቁም፤ ጤነኛውን እግር 3 ሰከንድ ያህል ወስዶ ቀስ ብሎ መሬት ያስነካና ይመለስ። 10 ጊዜ፣ በ3 ዙር፣ በሳምንት 3 ቀን። ጉልበቱ ወደ ውስጥ ካዘነበለ ያቋርጥ፤ ከፊት ሆነው ይዩለት። በማግሥቱ ካበጠ ዙሩን ይቀንስ። ውሃ ሲጠፋ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ተሸክሞ ፎቅ መውጣት ግን ስፖርት አይባልም፤ ሌላ ሰው ያምጣ። ፊዚዮቴራፒውንም ጨርሶ አይተዉት፤ በየ2 ሳምንቱም ቢሆን ይታይ።

ሶምሶማ ከ3ኛው ወይም ከ4ኛው ወር በፊት አይታሰብም፤ ያኔም ሜዳ ላይ፣ ቀጥታ፣ ኮብልስቶን ሳይነካ። ለግጥሚያ ቢያንስ 9 ወር ይጠብቅ። ጊዜው መሙላቱም ብቻውን አይበቃም፤ የጭኑ ጡንቻ ጥንካሬ ተለክቶ ከጤነኛው 90 በመቶ መድረስ አለበት። በአንድ እግር ዝላይም እንዲሁ፦ ጤነኛው 150 ሳንቲ ሜትር ከዘለለ የታከመው ቢያንስ 135 ዘሎ ሳይንገዳገድ ማረፍ አለበት። ይህን አሁን እንዳይሞክረው! ከ25 ዓመት በታች ሆነው ወደ ስፖርት ከሚመለሱት ከ4 ወይም ከ5 አንዱ ያህል ያንኑ ወይም የሌላኛውን ጉልበት ጅማት ይበጥሳል። አሠልጣኙ ቢቸኩል ይህን ይንገሩት።

ወጌሻ አያሸው። ትኩሳት ከመጣበት፣ ጉልበቱ ከቀላና ከጋለ፣ ወይም ባቱ አብጦ ካመመው በዚያው ቀን ሆስፒታል ይውሰዱት።