የአይጥ ኩስ የሞላበትን መጋዘን እንዴት ላጽዳ?

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ አካባቢ የእህል ነጋዴ ነኝ። ተዘግቶ የከረመውን የማሽላ መጋዘኔን ስከፍት የማዳበሪያዎቹ ሥር ሁሉ የአይጥ ኩስ ሞልቶት አገኘሁ። ልጄ መጥረግ ስትጀምር አቧራው ቦንኖ ስላሳላት አስወጣኋት። ሐንታ የሚባል ከአይጥ የሚተላለፍ ቫይረስ እንዳለ ሰምቻለሁና ልስጋ ወይ?

መልስ፦ ልጅዎን ማስወጣትዎ ተገቢ ነበር። ቫይረሱን የተሸከሙ አይጦች ራሳቸው ሳይታመሙ በሽንታቸው፣ በኩሳቸውና በምራቃቸው ያስወጡታል፤ ሰው በአብዛኛው የሚያዘውም ተነክሶ ሳይሆን ይህ ቆሻሻ ደርቆ የተቀላቀለበትን አቧራ ሲተነፍስ ነው። ስሙን ያገኘው ከኮሪያው ሐንታን ወንዝ ሲሆን፣ የቃኘው ሻለቃ በዘመተበት ጦርነት ከ3,000 በላይ የተባበሩት መንግሥታት ወታደሮች ኩላሊትን በሚጎዳው ዓይነቱ ታመው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ የታወቀው ሌላው ዓይነት ሳንባን የሚያጠቃ ሲሆን ከሦስት ሕሙማን አንዱን ያህል ይገድላል። ይህ ገዳይ ዓይነት የሚገኘው በአሜሪካ አህጉራት ነው፤ በአገራችን ደግሞ በትግራይ ደጋማ ቦታዎች በሚኖር የዱር አይጥ ላይ የሐንታ ወገን የሆነ ቫይረስ ተገኝቷል። ስለዚህ አይደንግጡ፤ ነገር ግን ደረቅ ኩስ መጥረግን ከዛሬ ጀምሮ ይተዉ። አይጥ የሚያመጣው በሽታ ሐንታ ብቻ አይደለምና ጥንቃቄው በማንኛውም ሁኔታ ይጠቅምዎታል።

በመጀመሪያ በሩንና መስኮቱን ከፍተው ለ30 ደቂቃ ያህል ከመጋዘኑ ይራቁ። ከዚያ ጓንት አድርገው፣ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው፣ በ9 እጅ ውኃ የተበጠበጠ 1 እጅ በረኪና ኩሱ ላይ ቀስ ብለው ያርከፍክፉ፤ እህሉን ግን እንዳይነካው። ቢያንስ 5 ደቂቃ ሲርስ በጨርቅ አፍሰው ፌስታል ውስጥ ይቋጥሩት፤ ወለሉንም በዚያው ውኃ ይወልውሉ። አይጥ የበላውንና የሸናበትን እህል ለሰውም ለከብትም አይስጡ። ቀሪዎቹን ማዳበሪያዎች ከግድግዳ አርቀው በርብራብ ላይ ቢደረድሯቸው አይጥ መደበቂያ ያጣል።

በእርስዎ ከተማ ትኩሳት ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያስበው ወባን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጊ፣ በ2019 ደግሞ ቺኩንጉንያ ድሬዳዋን ስለመቱ ሐኪምም በቅድሚያ እነዚህን ቢጠረጥር ተገቢ ነው። የሐንታ ምልክት ግን ከ1 እስከ 8 ሳምንት ሊዘገይ ስለሚችል፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ እርስዎ ወይም ልጅዎ ትኩሳት፣ ብርቱ የጡንቻ ሕመም ወይም የትንፋሽ እጥረት ከተሰማችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ፤ የአይጥ ኩስ ያለበት መጋዘን እንዳጸዳችሁም ሐኪሙ እስኪጠይቃችሁ ሳትጠብቁ ንገሩት።